የሥራነሽ መዘውር

ሥራነሽ እምቢ ካለች እምቢ ናት። ጣሊያን ባሏን ገድሎ ቤቷን ሲያቃጥልባት «ገብቼ አላድርም!» ብላ ከአገሯ ከይጁቤ ወጣች፤ ከአርበኞቹ ዋሻ ገብታ ስንቅ ስትፈጭ ከረመች።

አንድ ጠዋት ከቁይ በኩል መልእክተኛ እያለከለከ ደረሰ። አንድያ ልጇ አንሙት ያለበት ጭፍራ ገደል ውስጥ ተከቧል፤ ጥይት አልቆበታል። ከተራራው ማዶ ያለው የወገን ጦር ዛሬውኑ ካልደረሰለት አለቀለት። ወደዚያ ሰው ቢላክ ደግሞ ሁለት ቀን ይፈጃል። ጦሩ ግን ራዲዮ አለው፤ እዚህም ከጣሊያን የተማረኩ ሁለት አሉ፤ ትልቅና ትንሽ።

«ትልቁን አምጡ! ከተጮኸ አይቀር ይጩህ!» አሉ ፊታውራሪ ውበቱ፣ የአርበኞቹ አለቃ።

ድሮ ደብረ ማርቆስ ቴሌግራፍ ቤት ይሠራ የነበረው ኃይለ ሚካኤል ግን ትንሹን አነሣ። «ትልቁ ያለ ቤንዚን አይሠራም፤ ቤንዚን ከየት ይምጣ? ይኸኛው ግን መዘውሩ በእጅ ሲዞር ኤሌክትሪክ ያገኛል። ረዥሙ ሞገድ ሲመሽ ነው የሚሄድልን፤ አሁን ቀን ነውና አጭሩን እይዛለሁ። የአንቴናውንም ሽቦ ከዋሻው ደጅ ዝቅ አድርጌ ልዘርጋው፤ መልእክቱ ሽቅብ ወጥቶ ከተራራው ጀርባ ይወርዳል።»

መዘውሩን ማን ያዙር? አንዱ ጎበዝ ጉልበቱን ሊያሳይ ተጣደፈና ወዲያው ደከመ፤ ኤሌክትሪኩ ተቋረጠ። ሌላውም እንዲሁ። ባዘዘው የሚባለው ጭራሽ እጁን አጣጥፎ ሳቀ። «ወፍጮ አይደል እንዴ! ወንድ ልጅ ይፈጫል?»

የሥራነሽ ደሟ ፈላ። «ፈጪ ከፈለጋችሁ አለሁላችሁ፤ ዞር በል ወዲያ!» ብላ መዘውሩን ያዘች። እንደ ጤፍ ፈጪ ሳትቸኩል ሳትዘገይ አዞረችው። ኤሌክትሪኩ ረጋ። ኃይለ ሚካኤል ቢጠራ፣ ቢጠራ መልስ የለም።

የጣሊያን አውሮፕላን መጣ። ሰው ሁሉ ወደ ዋሻው ሮጠ።

«ሥራነሽ፣ ግቢ እንጂ!» ብለው ጮኹ ፊታውራሪ።

«አልገባም፣ ጌታዬ! ልጄስ የት ይግባ?»

ቦምቡ ከበታቿ ያለውን ማሳ ገለባበጠው፤ አፈር ለበሰች። ፈራች፣ መቼም ሰው ናት፤ እጇ ግን አልቆመም። ቀኟ ሲዝል በግራዋ ያዘች። ኃይለ ሚካኤልም ጥሏት አልሄደም፤ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ እንደ ደፈነ ድንገት ብድግ አለ።

«እትዬ ሥራነሽ፣ መለሱ! ጦሩ ተነሣ!»

ያኔ ነው እንባዋ የመጣ።

ማታውን ባዘዘው አንገቱን ደፍቶ መጣ፤ መዘውሩን ልልመድ አለ።

«መጀመሪያ ጤፉን ፈጭተህ ክንድህን አስለምድ» አለችው።

በማግስቱ አንሙት በሕይወት ተመልሶ እናቱን ፍለጋ ወደ ወፍጮው ቢሄድ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ሲፈጭ ያገኘው ባዘዘውን ነበር።