መሪጌታ የፋቁት ቫልቮላ

ባለፈው ሳምንት በአንድ ጋራዥ ደጃፍ ሳልፍ አንድ ልጅ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ የሞተር ዕቃ በላምባ ያጥባል። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ እግሬ ቆመ። ላምባ፣ የተቃጠለ ዘይት፣ እርጥብ ጥቀርሻ። ታላቅ ወንድሜ ይስማው ካረፈ ሦስት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ እሱ ልጽፍ ስንት ጊዜ ጀምሬ ስንት ጊዜ እንደተውሁት እንጃ። ዛሬ ግን ሽታው ራሱ ጀመረልኝ።

ቢቸና ነው፤ የንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ። እኔ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ስሆን ለገና ዕረፍት ቤት ውያለሁ። አባታችን መሪጌታ ናቸው፤ ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው መጽሐፍ የሚጽፉ። ይስማው እንዲተካቸው ቅኔ ቤት አስገብተውት ነበር፤ እሱ ግን ጥሎ ወጥቶ በአንድ የጭነት መኪና ላይ ረዳት ሆኖ ሁለት ዓመት ዞረና ዘይት የጠጣ ሱሪ ለብሶ ተመለሰ። አባቴ ሱሪውን አይተው አንድ ሳምንት አላናገሩትም።

በዚያ ሰሞን አቶ ሰይድ የሚባሉ የሞጣ ነጋዴ አሮጌ ፒክአፓቸው አቀበት አልወጣ ብላቸው ግቢያችን ጥለዋት ሄዱ። ይስማው በሦስት ቀን አድኖ፣ ከነጭነቷ ሞጣ ካደረሳት ሾፌራቸው ሊያደርጉት ቃል ገቡለት። አባቴም የራሳቸውን ቃል ጨመሩ።

"መንገድ ላይ ከቆመች ግን በማግስቱ ቅኔ ቤት ትመለሳለህ። እኔው ራሴ አብሬ ሄጄ አያለሁ።"

ይስማው ሞተሩን የፈታው ጓሮ ውስጥ፣ አባቴ ብራና ከሚወጥሩበት ቦታ አሥር እርምጃ ርቆ ነው። አየርና ቤንዚን የሚያስገቡት አራቱ ቫልቮላዎች፣ ረዥም እግር ያላቸው እንጉዳይ የሚመስሉ ብረቶች፣ ጥቀርሻ ጠግበው የድስት ቂጥ መስለዋል። እናቴ ሊጥ የምታቦካበትን ገበቴ ወስዶ፣ ላምባ ሞልቶ ዘፈዘፋቸው። እናቴ ስታየው "በል እንግዲህ፣ ነገ ላምባ ጋግሬ አበላሃለሁ" አለችው፤ ሆኖም ገበቴውን አልቀማችውም። እያንዳንዱ ቫልቮላ ወደ ራሱ ቦታ ካልተመለሰ አይገጥምምና፣ እኔ ከአባቴ የብራና ቁርጥራጭ ሰርቄ ፩፣ ፪፣ ፫፣ ፬ ብዬ ጽፌ በየእግራቸው አሰርሁ።

በማግስቱ መፋቅ ተጀመረ። ይስማው በቢላ ጫፍ ይቧጭራል፤ ጥቀርሻው ድንጋይ ሆኗል። አባቴ ወዲያ ማዶ ብራናቸውን እየፋቁ ያንን የሚያንቀጫቅጭ ድምፅ ታገሡ፣ ታገሡና ብድግ አሉ።

"አንተ! ብረቱ ምን በደለህ?"

"ጥቀርሻው እንቢ ብሎኝ ነው አባባ።"

"እጅህ ነው እንቢ ያለህ። ወዲህ በል!"

የብራና መፋቂያቸውን ይዘው ቁጭ አሉ። ስለቱን አጋድመው፣ በአውራ ጣታቸው ዳር ዳሩን እየዳሰሱ ሳብ ሲያደርጉት ጥቀርሻው እንደ ቅርፊት ተላጠ። ይስማው ተጨነቀ።

"አባባ፣ ከንፈሯን እንዳይጭሩብኝ፤ እዚያ ላይ ከተጫረች ትተነፍሳለች።"

"አርባ ዓመት ብራና ስፍቅ አንድ ቀን በስቼ አላውቅም። ለዚች እንጉዳይ ትፈራልኛለህ?"

ሦስቱን እሳቸው ፋቁ፤ አንዱን ይስማው። የእሱን አንሥተው ወደ ፀሐይ አዙረው አዩና "ይቺ ትደገም" አሉት። ደገማት። የረገፈውን ጥቀርሻም አልጣሉትም፤ ለቀለም ይሆናል ብለው በቀንድ ሰብስበው በጠበጡት። በቁራጭ ብራና ላይ የጻፉበት አንድ ፊደል ግን ከቅባቱ የተነሣ ከሞጣ እስክንመለስም አልደረቀ፤ ዝንብ ሄዳበት የራሷን ጽሑፍ ጨምራ ቆየችን።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰ፣ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ዶሮዎቹ አጥር ዘለው ጠፉ፣ ከዚያ አደብ ገዝቶ መምታት ጀመረ። እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። አባቴ ጋቢያቸውን ደርበው፣ ጭራቸውን ይዘው ጋቢና ገቡ፤ እኔ ከኋላ የኑግ ጆንያ ላይ ወጣሁ።

ግንደወይን ሳንደርስ አንድ ክፉ አቀበት አለ። መሀሉ ላይ ሞተሩ ድምፁ ወፈረ፣ አዘገመ። በጋቢናው የኋላ መስኮት አጮልቄ ሳይ ይስማው ከንፈሩን ነክሷል፤ አባቴ ደግሞ ጭራቸውን ጥለው ዳሽቦርዱን በመዳፋቸው እየመቱ "አይዞሽ! አይዞሽ እናቴ!" ይሏታል። እንድትቆም ይመኙ የነበሩት እሳቸው! መኪናዋ እንደምንም ተንፏቃ አናቱ ላይ ወጣች። አባቴ ጭራቸውን ከእግራቸው ሥር ፈልገው አነሡና፣ ምንም እንዳልተናገረ ሰው ወደ ውጭ ያዩ ጀመር።

ሞጣ ስንደርስ አቶ ሰይድ ድምፁን ሰምተው ከሱቃቸው ሮጠው ወጡ።

"ኧረ መሪጌታ! ይቺን ማን አዳናት?"

ይስማው አፉን ሲከፍት አባቴ ቀደሙት። በገበያው መሀል፣ ደረታቸውን ነፍተው፣

"እኔና ልጄ" አሉ።

ይስማው መሪውን እንደጨበጠ ቀረ። ሲመለስ መንገዱን ሁሉ ሲዘፍን መጣ፤ አባቴም ዝም በል አላሉትም።

አባቴ ካረፉ ብዙ ዘመን ሆነ። የይስማው ቀብር ላይ የሕይወት ታሪኩን ጽፌ ያነበብሁት እኔ ነኝ። ያን ቀን አላስገባሁትም፤ እንዲያው በአንድ መስመር "በሾፌርነት ሙያ ለረዥም ዘመን አገልግሏል" ብዬ ነበር የጻፍሁ። እዚያ መስመር ላይ ስደርስ ድምፄ ተቆረጠ። ሰው ልቅሶ መሰለውና "አይዞህ" እያለ ትከሻዬን ያዘኝ። እውነቱን ለመናገር ሳቄ ነበር የመጣ። አብሮኝ የሚስቅ ሰው ፍለጋ ቀና ብዬ ሕዝቡን አየሁ። ነገሩን የሚያውቅ ሰው ግን ከፊቴ በሣጥኑ ውስጥ ተኝቷል።