ጎርፍ ተከትለው የሚመጡት ሽማግሌ

ዝናብ ሲጥል ሰው ሁሉ መጠለያ ፍለጋ ይሮጣል፤ እኚህ ሽማግሌ ግን ብቅ የሚሉት ያን ጊዜ ነው። ከስፌት ማሽኔ ላይ ቀና ብዬ በመስኮቱ አያቸዋለሁ። ካፖርታቸው ያረጀ ቢሆንም በደንብ ተተኩሷል። ጃንጥላ ይይዛሉ፤ ዘርግተውት ግን አያውቁም። ዓይናቸውን ከመንገዱ ዳር ጎርፍ ላይ ሳይነቅሉ ቁልቁል ይወርዳሉ።

አንድ ቀን የወደቀባቸው ዕቃ ያለ መስሎኝ፣ "ምን ጠፋብዎት አባባ?" አልኳቸው።

"የአያቴ ቤት" አሉና ሳቁ። "መንገዱም ስሙ ተቀየረ፣ የቤቱም ቁጥር ተቀየረ፤ የጠየቅሁት ሁሉ ወዲያ ወዲህ አንከራተተኝ። አያቴ ደግሞ ዕድሜ ልኩን፣ 'ይሄ ጎርፍ ቀጥ ብሎ መጥቶ እኔ በር ላይ ሲደርስ ይታጠፋል፤ ምን አደረግሁት?' እያለ ሲያማርር ነው የኖረው። ቁልቁለቱን እንደሆነ ማንም አልቀየረው!"

ጎርፉ ዛሬም ወርዶ ወርዶ ማዶ ካለው የሶፋ መሸጫ ደጃፍ ሲደርስ ታጠፈ። እሳቸውም እንደ ልማዳቸው እዚያው ቆሙ። ሌላ ጊዜ ትንሽ ቆይተው ይመለሱ ነበር። ዛሬ ግን ሻጩ አሳዘኑት መሰለኝ በሩን ከፈተላቸው።

"ይግቡ እንጂ አባባ፣ በሰበሱ እኮ!"

"መጣሁ ልጄ" አሉና ጫማቸውን ምንጣፉ ላይ ይጠርጉ ጀመር። ጠረጉ፣ ጠረጉ፤ አሁንም ጠረጉ።

"ግዴለም፣ ይበቃል" አለ ሻጩ።

"ኧረ ተው፣ ጭቃ ይዤ ከገባሁ ይቆጣል።"

ሻጩ ግራ ገብቶት ወደ ኋላው ዞረ። ከባዶዎቹ ሶፋዎች በቀር ማንም አልነበረም።