የወይዘሪት ለምን ጥቅል ወረቀት

ሽማግሌው ሐኪም ሁለት ረጃጅም ወረቀቶችን ደራርበው በመዳፋቸው የመስኮቱ መስታወት ላይ ይዘዋል። የታችኛው የአምናው ነው፤ የላይኛው የዘንድሮው። በአውራ ጣታቸው ጫፍ የላይኛውን ቀስ አድርገው ወደ ግራ ገፉት፤ ትንሽ ወደ ቀኝ መለሱት። የጠዋት ፀሐይ በሁለቱም ውስጥ አልፋ የአንድ አብራሪ የልብ ምት የተሳለባቸውን መስመሮች አሳየቻቸው። ጫፉ ከጫፉ፣ ጎድጓዳው ከጎድጓዳው፣ ቅንጣት ሳይዛነፍ ገጠመ። እጃቸው እዚያው መስታወቱ ላይ ቀረ።

የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች «ባለመስኮቱ» የሚሏቸው ለዚህ ነው። ሥራቸው አብራሪዎችን የሚመረምሩ ሐኪሞችን ማሠልጠን፣ ከዚያም እነዚያው ሐኪሞች «ለመብረር ብቁ ነው» ብለው የፈረሙበትን ፋይል መልሶ ማየት ነው። ከየክሊኒኩ ከሚመጣው ክምር ከአሥር አንዱን ይመዛሉ። የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ፣ «ኮምፒውተሩ እኮ ያመሳክርልዎታል» ስትላቸው፣ «ኮምፒውተሩ መስኮት የለውም» ይሏታል። ለሠልጣኞቻቸውም ዘመናቸውን ሙሉ አንድ ነገር ሲደጋግሙ ኖረዋል፤ «ልብ ራሷን አትደግምም። የአምናውና የዘንድሮው አንድ ከሆነ፣ ያንን ወረቀት ያወጣው ልብ ሳይሆን ፎቶ ኮፒ ማሽን ነው።»

ይህን ስትሰማ እጇን አውጥታ «ለምን?» ያለች አንዲት ሠልጣኝ ነበረች። ለሁሉም ነገር ለምን ትላለች። አንድ ቀን አንድ አብራሪ ዓይን ቀለም ለመለየት በሚፈተንበት መጽሐፍ ውስጥ በነጠብጣብ የተሳሉትን ቁጥሮች እንደ ውኃ ሲያንቆረቁራቸው፣ «ለምን ገጾቹን አናፈራርቅበትም? በቃሉ አጥንቷቸው ቢሆንስ?» ብላ ሠላሳ ዓመት ያላዩትን አሳየቻቸው። «ወይዘሪት ለምን» ብለው ስም ያወጡላት እሳቸው ናቸው። ልጅ አልወለዱም። ማታ ሲገቡ ባለቤታቸው፣ «ዛሬ ደግሞ ልጅህ ምን አለች?» ይሏቸው ነበር።

መስኮቱ ላይ የተያዘው ወረቀት የወጣው እሷ ከፈረመችበት ፋይል ነው።

በአውቶቡስ የግማሽ ቀን መንገድ በሚያስኬድ አንድ ትንሽ የአውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ፣ ብቻዋን ክሊኒክ ትሠራለች። ከሁለት ወር በፊት ለስብሰባ መጥታ፣ «ጋሼ፣ የልብ ማሽኑ ጥቅል ወረቀት ሊያልቅብኝ ነው። ሦስቴ ጻፍኩላቸው፤ የሰማኝ የለም» ብላቸው ነበር።

«አይዞሽ። ከመጋዘን አስወጥቼ በሚቀጥለው ሳምንት ራሴ ይዤልሽ እመጣለሁ።»

«ቢረሱ ግን ጉዴ ፈላ!»

«እኔ መነጽሬን እንጂ ሌላ ነገር አልረሳም» አሏት፤ ሁለቱም ሳቁ።

አሁን ስልኩን አነሱ። ፋይሉን ወደ ክምሩ መልሰው ሌላ ቢመዙ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ለሌላ ተቆጣጣሪ እንዳያስተላልፉትም ሌላ ተቆጣጣሪ የለም።

«ልጄ፣ የላክሽው የአብራሪ የልብ ወረቀት ከአምናው ጋር አንድ ሆነብኝ» አሉ። «ለምን?» አሏት።

«መርምሬዋለሁ ጋሼ። ስክሪኑ ፊት ቆሜ አይቻለሁ፤ ደህና ነበር። ማተሚያ ወረቀት አልነበረኝም። ከሰዓት በኋላ በረራ አለበት፤ ፊቴ ቁጭ ብሎ ሰዓቱን ያያል። የአምናውን ገልብጬ ቀኑን ቀየርኩት።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ስልሽ አልነበር?»

«ሲሉኝ ነበር። ያመጣልኛል ብዬ የጠበቅኩት ሰውም ሥራ በዝቶበት ይሆናል» አለች።

ጆሯቸው ሰማው፤ ልባቸው ግን መስኮቱ ላይ ነበርና አላስተዋሉትም።

«እባክዎ ጋሼ፣ ጠርቼው እንደገና ልመርምረው። ከጻፉብኝ ፈቃዴን ይነጥቁኛል። ይጽፋሉ?»

«እጽፋለሁ ልጄ።»

ለምን አላለችም። ስልኩን ዘጋች።

ለፈቃድ ኮሚቴው ሰባት መስመር ነው የጻፉት። ለምወዳት ካለፍኩ ለማልወደው ምን አፍ ይኖረኛል አሉ ለራሳቸው፤ ፈረሙ። አብራሪው ተጠርቶ ዋናው ሆስፒታል ተመረመረ፤ እንከን አልተገኘበትም። የእሷ ፈቃድ ግን ላይመለስ ተነጠቀ።

ውሳኔው በወጣ በአራተኛው ቀን መነጽራቸው ጠፋባቸው። ባለቤታቸው ቦርሳውን አልጋው ላይ ዘረገፉት።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ነው። በላዩ በገዛ እጃቸው «ለወይዘሪት ለምን፤ በአስቸኳይ» ተብሎ ተጽፎበታል። ከመጋዘን አስወጥተውት፣ ቦርሳቸው ውስጥ ከትተውት፣ ከሁለት ወር በላይ ከቤት ቢሮ ከቢሮ ቤት ሲያመላልሱት ኖረዋል። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። «ስሜን አልጠራችም» አሉ። «እርስዎ ነዎት ማለት ስትችል፣ አላለችም።»

ያንኑ ቀን ሌላ ደብዳቤ ጻፉ፤ ወረቀቱን ያላደረስኩላት እኔ ነኝ፣ ጥፋቱ የኔም ነው የሚል። የኮሚቴው ሰብሳቢም የድሮ ተማሪያቸው ነው። አንብቦ በአክብሮት በሁለት እጁ መለሰላቸው።

«ጋሼ፣ ወረቀት ያለቀበት ሐኪም ወረቀት የለኝም ብሎ ይጽፋል እንጂ አይገለብጥም። ይህን ያስተማሩን እርስዎ ነዎት።»

ደብዳቤያቸውን አጥፈው ወጡ።

ስልክ ቢደውሉ አይነሳም። ይዤላት ሄጄ እግሯ ላይ እወድቃለሁ አሉ። ባለቤታቸው ሸሚዝ ተኩሰው ሸኟቸው። መናኸሪያ ደረሱ፤ ትኬት ቆረጡ፤ ጥቅሉን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀመጡ። ረዳቱ «አባት፣ ይግቡ እንጂ፣ ልንወጣ ነው!» ብሎ ሁለቴ ጠራቸው። ማሽኑ እንኳ አሁን የሌላ ሐኪም ነው፤ ይህን ወረቀት ምን ታድርገው? አውቶቡሱ ሲወጣ እያዩት ወደ ቤት ተመለሱ።

«ምነው?» አሉ ባለቤታቸው።

«ሰኞ እሄዳለሁ።»

ጥቅሉ የቢሮው መስኮት ደፍ ላይ ነው። ጋዜጣው ጫፉ ላይ ተቀዶ ማሽኑ በሙቀት የሚያትምበት ወረቀት ፀሐይ አግኝቶት መጥቆር ጀምሯል። ሰኞ በመጣ ቁጥር አንስተው ያዩታል፤ መልሰው ያስቀምጡታል።