የእትዬ ሃሎ ድምፅ በማሽን ውስጥ

የጭነት ማመላለሻው ቢሮ ስድስት ጠረጴዛ፣ አንድ ሥራ አስኪያጅና አንዲት ስልክ ተቀባይ ነበረው። የስልክ ተቀባይዋን እውነተኛ ስም ከደመወዝ መዝገቡ ላይ ካልሆነ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም፤ ለሁሉም «እትዬ ሃሎ» ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ስልክ ባነሳች ቁጥር ድምፅዋ ይለወጣል። ከጎኗ ከተቀመጠችው ሒሳብ ሠራተኛ ጋር መስኮት ይከፈት አይከፈት በሚል ስትነታረክ የቆየች ሴት፣ እጀታው ጆሮዋን ሲነካ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ ወገቧን አቅንታ፣ «ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ?» ትላለች።

«እትዬ፣ ቤትሽም እንዲህ ነው የምታወሪው?» ይሏታል ሾፌሮቹ።

«ቤቴማ እየደወለ የሚጨቀጭቀኝ ሾፌር የለም» ትላለች።

ሥራ አስኪያጁ ደንበኞች «መስመሩ ተይዟል» ማለታቸው ቢያስመርራቸው፣ አሮጌውን ስልክ አስነቅለው በኢንተርኔት የሚሠራ ለማስገባት ቆረጡ። መነጽራም ቴክኒሺያን መጣ። በየጠረጴዛው አዲስ ስልክ አኖረ፤ ገመዶቹን ሁሉ ጥግ ላይ ብልጭ ድርግም ከምትል ትንሽ ሣጥን ጋር አገናኘ፤ ለእያንዳንዱም ሠራተኛ የውስጥ ቁጥር ሰጠ። እትዬ ሃሎ ሣጥኗን በጎሪጥ ስታያት ዋለች። የዚህን ሁሉ ሰው ንግግር የምትውጥ፣ አፍ የሌላት ነገር አላማረቻትም።

«አሁን ለደዋዩ ምርጫውን የሚነግር ድምፅ እንቅረጽ» አለ ቴክኒሺያኑ በመጨረሻ። ስድስቱም ጠረጴዛዎች ወደ እትዬ ሃሎ ዞሩ።

ጥርጣሬዋ እዚያው በነነ። ቀረጻው አሥራ አንድ ጊዜ ተደገመ። አንዴ ትንፋሽ ገባበት፤ አንዴ «ሁለትን ይጫኑ» ስትል ሰው የምትገላምጥ መሰላት።

«እትዬ፣ ጭነት ደረሰ አልደረሰ ነው እኮ!» አለ ቴክኒሺያኑ፣ መነጽሩን እየወለወለ።

«አንተ ሥራህን ሥራ፤ ሰው የሚሰማው እኔን ነው።»

ሰውስ ሰማት። በማግስቱ ማክሰኞ አክስቷ ወደ ቢሮው ደወሉ። እትዬ ሃሎ «እታለም» የምትላቸው እኚህ ሴት ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ ያሳደጓት ናቸው። ሌላ ከተማ ይኖራሉ። ዓይናቸውን ሞራ ስለ ጋረደው የስልክ ቁጥር አይታያቸውም፤ ጎረቤት ይመታላቸውና ትቷቸው ይሄዳል። በዚያው ሳምንት ዓርብ ለዓይናቸው የሕክምና ቀጠሮ ነበራቸው። እሷ ዘንድ ሊያርፉ ተነጋግረው ጨርሰዋል፤ ይህ ቀጠሮ ካለፈ የሚቀጥለው ከስድስት ወር በኋላ ነው።

ማታ የአክስቷ ልጅ በሞባይሏ ደወለላት።

«እናቴን ምን ብለሻት ነው?»

«እኔ? መቼ አናገርኳቸውና!»

«‹እንደምን ዋሉ› ብለሽ ጠየቅሻት፤ እሷ ስለ ጉልበቷ መንገር ስትጀምር ‹አንድን ይጫኑ› አልሻት። ‹ምን ልጫን ልጄ፣ ዓይኔ መች ያያል› ብትልሽ፣ ‹ምርጫዎን አላገኘንም፣ ደህና ይዋሉ› ብለሽ ዘጋሽባት! ‹ሁለተኛ አልደውልላትም፤ እሷ ቤትም አልሄድም፤ ዓይኔም ይቅር› ብላለች።»

«ማሽን ነው በላቸው እንጂ!»

«አልኳት። ‹ያሳደግኳትን ልጅ ድምፅ አላውቀውም ወይ?› ትለኛለች።»

እትዬ ሃሎ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች። ጧት ቴክኒሺያኑን ይዛ ተማጠነችው። እሱም የአክስቷን ቁጥር መዘገበና፣ «ከእንግዲህ እሳቸው ሲደውሉ ቀረጻው አይናገርም፤ በቀጥታ እርስዎ ጠረጴዛ ላይ ይጠራል» አላት። መልካም ነበር፤ ግን አክስቲቱ ደግመው ላይደውሉ ምለዋል። ስለዚህ ራሷ ደወለች። እጀታው ጆሮዋን ሲነካ ወገቧ በራሱ ቀጥ አለ።

«ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ዋሉ?»

«ይቺውና! ዛሬም አስጫኚዋ መጣች!» አሉና አክስቲቱ ዘጉ።

ሁለተኛም እንዲሁ ሆነ። ሒሳብ ሠራተኛዋ ብዕሯን ወረወረች።

«በቢሮ ድምፅሽ አታናግሪያቸው፣ እህቴ!»

«ስልክ ስይዝ ሌላ ድምፅ የለኝም!» አለች እትዬ ሃሎ፤ እንባዋ ሊመጣ ምንም አልቀረውም። ለሦስተኛ ጊዜ ደወለች። ቢሮው ሁሉ ሥራውን ትቶ ጆሮውን ጣለ።

«ጤና ይ...» ብላ ምላሷን ነከሰች። «እታለም፣ እኔ ነኝ። ራሴ ነኝ፤ አይዝጉብኝ!»

«ማሽኗም ‹እኔ ነኝ› ከማለት አትመለስም። ብልጥ ናት ብሎኛል ልጄ።» አሉ አክስቲቱ። «እስቲ ሰው ከሆንሽ ንገሪኝ። ያን ጊዜ ከቁም ሣጥኑ ስኳሬን እየቃመ የጨረሰው ማን ነው?»

ነገሩ አርባ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም የእትዬ ሃሎ ወገብ ጎበጠ፤ ድምፅዋም ቀጥኖ ቀጥኖ የስምንት ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነ።

«እኔ አይደለሁም አልኩ እኮ! ልጅዎ ነው! ሁልጊዜ በእኔ ነው የሚያሳብቡት! እኔ ጣቴን አንዴ ብቻ ነው የነከርኩት፣ እሱንም ለመቅመስ...»

ሥራ አስኪያጁ ከክፍላቸው ብቅ ብለው ቆሙ። እትዬ ሃሎ አላየቻቸውም።

«አሁን አወቅኩሽ» አሉ አክስቲቱ፣ እፎይ ብለው። «ማሽን ይህን ያህል አትዋሽም።»

«ይመጣሉ እንግዲህ፣ እታለም?»

«ነገ ሐሙስ በጧቱ አውቶቡስ ተሳፍሬ እመጣለሁ። መናኸሪያ ድረስ ራስሽ ነይ፤ ደግሞ ያቺን ማሽንሽን እንዳትልኪብኝ።»