መብራት በሌለበት የተላለፈ የጠዋት ዜና

ዓረብ አገር፣ ሐዝሚዬ የሚባል ሰፈር ያገለገልኳት ማዳሜ ቴሌቪዥን ላይ የቁርስ ሰዓት ዜና የምታቀርብ ሴት ነበረች። ወፍ ሳይንጫጫ ተነስቼ ሸሚዟን እተኩሳለሁ፤ እሷ ሄዳ እኔ ሳህን ሳጥብ፣ ኩሽና ካለው ትንሽ ቴሌቪዥን ውስጥ ፈገግ ብላ ብቅ ትላለች። አሁን እኔ ላይ ስትጮህ የነበረች ሴት ለአገሩ ሁሉ በለሰለሰ ድምፅ «እንደምን አደራችሁ» ስትል ብቻዬን እስቅ ነበር። ያኔ ዝናዋ ሰማይ ነክቷል። ዶራ አደባባይ ላይ ፎቶዋ ፎቅ አክሎ ተሰቅሏል፤ ገበያ ስንወጣ ዳቦ ሻጩ ሥራውን ትቶ አብሯት ፎቶ ይነሳል።

ከዚያ የአገሩ ገንዘብ ወደቀ፤ መብራት ጠፋ፤ ማስታወቂያ የሚያስነግር ነጋዴ ታጣ። ፕሮግራሙ መጀመሪያ አጠረ፣ ቀጥሎ እንግዳ መጋበዝ ተወ፣ በመጨረሻ የውሃ ሽታ ሆነ። ደውሎ አይዞሽ ያላት ሰው አላየሁም።

እሷ ግን ማልዳ መነሳቷን አልተወችም። አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ከሳሎን ድምፅ ሰምቼ ስወጣ፣ ተኳኩላ፣ ሸሚዟን ለብሳ፣ ሻማ አብርታ ከጠፋው ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣለች። ጥቁሩ ስክሪን ላይ የራሷ ፊት ይታያል፤ ለዚያ ፊት ዜና ታነባለች። ልመለስ ስል ዓይኗን ከስክሪኑ ሳታነሳ ጎኗ ያለውን ወንበር በእጇ አሳየችኝ። የዕለቱ እንግዳ እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ በየማለዳው እንዲሁ ሆነ። ቀን «ያላ፣ ቶሎ በይ!» የምትለኝ ሴት እዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ «ሲት» ትለኛለች፤ በእነሱ ዘንድ ለተከበረች ሴት የሚባል ነው። ስለ አገሬ ዝናብ፣ ስለ ልጅነቴ ትጠይቀኛለች፤ እመልሳለሁ። ስክሪኑ ውስጥ ሁለታችን ጎን ለጎን እንታያለን። አንዳንዴ ከኋላችን ሦስተኛ ሰው ያለ ይመስለኝና መዞር እፈራለሁ።

እናቴ አገር ቤት አልጋ ላይ ከዋለች ሰነባብታ ነበር። ፓስፖርቴ ማዳሜ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቀን ቀን ስለምናት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። አንድ ማለዳ «ሲት፣ ዛሬ ለተመልካቾቻችን ምን ትነግሪያለሽ?» ስትለኝ ወደ ስክሪኑ ዞርኩና «እናቴ ታማለች። በሕይወት ሳለች ልያት። ማዳሜ ፓስፖርቴን ትስጠኝ» አልኩ።

ፈገግታዋ አልተነቃነቀም። ሰው እያያት እንዴት ትጮህ? «ከአጭር እረፍት በኋላ እንመለሳለን» ብላ ተነሳች። ፓስፖርቱን ይዛ ተመለሰች፤ ጭኔ ላይ አስቀመጠችውና ወደ አየር ሁኔታው አለፈች።

ቲኬት ቆረጥኩ። በመሄጃዬ ዋዜማ ወንድሜ ደወለ። ለእናቴ አልደረስኩላትም። ለማዳሜ አልነገርኳትም፤ አንጀቴ አርሮ ነበር። ቀን ስለምናት ብትሰጠኝ ኖሮ እደርስ ነበር፤ ዛሬም ሳስበው እናደዳለሁ።

በነጋታው ለቅሶ ለመድረስ ገና ሳይነጋ ሻንጣዬን ይዤ ወጣሁ። ደረጃው ድቅድቅ ጨለማ ነው። በሩን ስዘጋው ማዳሜ ከውስጥ እንግዳዋን ማስተዋወቅ ጀመረች።

«ሲት፣» አለች ለባዶው ወንበር፣ «እናትሽ እንዴት ናቸው?»

ከዚያ እንደ ወትሮው እንግዳዋ እስክትመልስ ጠበቀች።

ደረጃው ላይ ቆሜ ቀስ ብዬ «ሞተች» አልኩ።

ከበሩ ወዲያ ማዳሜ በደስታ ድምፅ፣ «እግዜር ይመስገን! ከሁላችንም ሰላም በይልን» አለች።