ፊያቷን በዳትሰን ልለውጥ? ከጂንካ ቱርሚ፣ ከቱርሚ የኮንሶ ዳገት

ሐሙስ፣ ከጂንካ

ሐሙስ ጠዋት ከጂንካ የተነሳሁት መኪናዬን ልለውጥ ነው። ልሸጥ አይደለም፤ መኪና ሰጥቼ መኪና ልቀበል። የእኔዋ ቀይ ፊያት ስፖርት ናት፤ ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ በዕድሜ እኔን የምትበልጥ። አባቴ ደርግ በወደቀ ሰሞን ሻንጣውን ሸክፎ ወደ አገሩ ከሚሄድ ፈረንጅ ላይ ነው የገዛት። ቱርሚ ላይ ሎጅ ያለው ጋሽ ወንድሙ ደግሞ ነጭ ዳትሰን ስፖርት አለችው፤ አፍንጫዋ ረጅም፣ ሞተሯ ስድስት ሲሊንደር። አንድ የጂንካ ሰርግ ላይ ፊያቷ ሙሽራ ይዛ ስታልፍ አይቶ ልቡ ተንጠለጠለ። "መኪና በመኪና። አንቺም አትጨምሪ፣ እኔም አልጨምር" አለኝ።

ለምን መለወጥ እንደፈለግሁ በግልጽ ልናገር። ፊያቷ ከዚህ አገር አውጥታኝ አታውቅም። እስከ ቀይ አፈር፣ ከዚያም ቁልቁል እስከ ወይጦ ትበራለች። ከወይጦ ወደ ኮንሶ የሚወጣው ዳገት ላይ ግን ትፈላለች። ደጋግሜ ሞክሬያለሁ፤ ሁልጊዜም ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት እየተትጎለጎለ፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች እየሳቁብኝ ተመልሻለሁ። ከዚያ ዳገት ወዲያ አርባ ምንጭ አለ፣ ሐዋሳ አለ፣ አዲስ አበባ አለ። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስኩ ወዲህ ጂንካ ውስጥ ሙሽራ ሳመላልስ ነው የከረምኩት። የሰው ሰርግ ሰልችቶኛል። ዳገት የምትወጣ መኪና እፈልጋለሁ፤ ሌላ ነገር የለውም።

አባቴ ጡረታ የወጣ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ዓይኑ ሲደክም ቁልፉን ሰጠኝ። "ያንቺ ናት፤ ብትፈልጊ በዶሮ ለውጫት" አለኝ፤ ሞተር ሳስነሳ ግን ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እናቴ የአሪ ገበሬ ልጅ ናት፤ ምክሯ አጭር ነው።

"በሬ ሲለወጥ ተጠምዶ ይታያል። ጥርሱን ብቻ አይተሽ እንዳትመጪ።"

"መኪና ጥርስ የለውም፣ እማዬ።"

"ዳገት አለ አይደል? እዚያ ጥመጂው።"

ቀይ አፈር

ሐሙስ የቀይ አፈር ገበያ ነው። አስፋልቱ ግራና ቀኙ በፍየል፣ በማሽላ ጆንያ፣ ቅል በተሸከሙ የበና ሴቶች ተሞልቷል። ግርግሩ ውስጥ እየተንፏቀቅኩ ነዳጅ እንዳላቃጥል መኪናዋን ዳር አቆምኩና ሽሮ በላሁ። ዋጋው ካለፈው ጨምሯል፤ ባለቤትየዋን ብጠይቃት "ሽሮውም መኪና ተሳፍሮ ነው የሚመጣው" አለችኝ።

ስመለስ አንድ ቱሪስት ፊያቷን ዙሪያዋን እየዞረ ፎቶ ያነሳታል። አጠገቡ የቆመች የበና ልጃገረድ፣ ፀጉሯ ቅቤና ቀይ አፈር የተቀባ፣ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ተቆጣችኝ።

"አንቺ ለምን ዝም አልሽ? እኛን ሲያነሳ ይከፍላል። መኪናሽን በነፃ?"

"መኪና ነው እኮ።"

"እና? ቆንጆ ነው። ቆንጆ ነገር ብር አለው።"

እውነቷን ነው። ሄጄ እጄን ዘረጋሁ፤ ሰውየው እየሳቀ ከፈለኝ። ዞር ስል ልጅቷ እጇን ዘርግታ ትጠብቀኛለች። "የምክሩስ?" ግማሹን ሰጠኋት። እንዲህ ያለ ሰው ደላላ ቢሆን ደቡብ ኦሞን በሙሉ ይገዛ ነበር።

ቱርሚ

ከቀይ አፈር በዲመካ በኩል ወደ ቱርሚ ስትወርድ አየሩ ይወፍራል። ግራሩ ያጥራል፣ ኩይሳው ደግሞ ከሰው ቁመት በላይ ይሆናል። ቱርሚ ልደርስ ስል ያለው የደረቀ ወንዝ ላይ የጎማዎቹን አየር ቀነስኩ፤ ፊያቷ ሆዷ መሬት ስለሚቀርብ በሙሉ አየር አሸዋ ውስጥ ከገባች እስከ በሯ ትሰምጣለች። የሚገፉኝ ሰዎች ሳያስፈልጉኝ ተሻገርኩ።

ጋሽ ወንድሙ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከወላይታ በወጣትነቱ ለግንበኝነት መጥቶ እዚሁ የከበረ ሰው ነው፤ የጴንጤ ሰላምታ ሲያወርድ ማቆሚያ የለውም። "ጌታ ይባርክሽ፣ መንገድሽን የጠበቀ ይመስገን፣ ነይ እያት!"

ዳትሰኗ ሣር ክዳን ሥር ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራውን ሲገፍፈው ምራቄን ዋጥኩ። ውሸት አልወድም፤ ከእኔዋ ትበልጣለች። በሯ ሲዘጋ የፍሪጅ በር ይመስላል። የእኔን ሦስቴ ካላጋጨሁት አይይዝም። ቁልፉን ሳዞረው ያለ ልመና ተነሳች።

ግቢውን ስንዞር መግቢያው አጠገብ ሁለት ግንበኞች ድንጋይ ሲደረድሩ አየሁ።

"ይሄ ምንድን ነው?"

"ለፊያቷ ነዋ! ጎማዋን አውልቀን ሲሚንቶ ላይ እናቆማታለን። ወንበሯ ላይ አፈር ሞልተን አበባ እንተክላለን። ፈረንጅ ቱርሚ ሲገባ መጀመሪያ የሚያነሳው እሷን ይሆናል።"

አልወደድኩትም። ግን ከእጅ የወጣ ዕቃ የተቀባዩ ነው፤ አበባ ይትከልባት፣ ዶሮ ያርባባት፣ ምን አገባኝ ብዬ ዋጥኩት። እሱ ያንኑ ማታ ሽማግሌ ጠርቶ ሊፈራረም ፈልጎ ነበር።

"የኮንሶን ዳገት ሳትወጣልኝ አልፈርምም" አልኩት።

"እዚሁ ሜዳው ላይ ንጅያት፤ ምን ጎደለሽ?"

"ሜዳ ላይማ የእኔም ትበራለች።"

"አንቺ ልጅ፣ የምትለውጪው መኪና ነው በሬ?"

"ሁለቱም ዳገት ላይ ነው የሚታወቁት።"

አርብ፣ ወደ ዳገቱ

ፊያቷን ቱርሚ ትቼ፣ ጋሽ ወንድሙን ጎኔ አስቀምጬ በዳትሰኗ ተነሳን። የሆዷ ነገር ስላሳሰበው በአርቦሬ በኩል ያለውን ጠጠር ትተን በመጣሁበት ተመልሰን፣ ከቀይ አፈር ወደ ወይጦ ወረድን። እሱ ሙሉውን መንገድ የበሩን እጀታ እንደያዘ ነው። ፍጥነት በጨመርኩ ቁጥር "ኢየሱስ!" ይላል፤ ፍሬን ስይዝ "አሜን" ይላል።

እኔ ግን ዓይኔ ከአንድ ነገር ላይ አልነቀል አለ፤ ከሙቀት መለኪያዋ። ቱርሚ ላይ ሞተሩ እንደተነሳ መርፌዋ ቶሎ ከፍ አለች፣ መሐል ላይ ስትደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። በእኔዋ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ጂንካ ጠዋት ላይ የፊያቷ መርፌ ተኝታ ነው የምታረፍደው፤ ዳገት ሲመጣ ደግሞ ከእንቅልፏ በርግጋ ጫፍ ትነካለች።

ወይጦን አልፈን ዳገቱን ጀመርን። ሁለተኛ ማርሽ፣ ሦስተኛ፣ ከባዱ መታጠፊያ ላይ እንደገና ሁለተኛ። ዳትሰኗ እያዜመች ወጣችው። እኔ ውሃ ለምኜ ያፈሰስኩበት፣ ሾፌሮች የሳቁብኝ ቦታ እንደ ተራ አጥር በመስኮቱ አለፈ። ላይ ስንደርስ ነፋሱ ቀዘቀዘ፣ የኮንሶ እርከኖች ከሥራችን ደረጃ በደረጃ ተዘረጉ። መርፌዋ አሁንም መሐል ላይ ናት።

"አለቀ! ጠመድሻት፣ አረሰች። እንመለስና እንፈራረም" አለ ጋሽ ወንድሙ።

እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ቆሜያለሁ። "ቴርሞስታቷ አለች?"

"የምኗ?"

"ከውስጧ ያስወጣኸው ነገር አለ?"

"እኔ? ዘይት ከማስቀየር በቀር ጣቴን አስገብቼባት አላውቅም።"

ለማያውቅ ላስረዳ። ቴርሞስታት የጠርሙስ ቆርኪ የምታክል ዕቃ ናት፤ ሞተሩ ሲሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር የሚሄድበትን በር ትከፍታለች። በእኛ አገር ሾፌሩም መካኒኩም አንድ ሃይማኖት አለው፦ መኪና ቆላ ከወረደ ቴርሞስታቱ ወጥቶ ይጣላል። "በር ምን ያደርጋል፣ ውሃው እንደልቡ ይሂድ" ይባላል። አባቴም አውጥቷታል፤ እኔንም ያስተማረኝ እንዲህ ብሎ ነው። አንድ ቀን ስልኬ ላይ ያየሁት ቪዲዮ ግን እንደ ፊያቷ ባለ ሞተር ያቺው ዕቃ ሌላ መንገድም እንደምትዘጋ ያሳይ ነበር፤ ውሃው ራዲያተር ሳይነካ አቋርጦ ወደ ሞተሩ የሚመለስበትን። እሷ ከሌለች ከውሃው ብዙው ሳይቀዘቅዝ ይዞራል። ሜዳ ላይ አያስታውቅም፤ ዳገት ላይ ያፈላል። ያኔ አባቴን አምኜ ስልኬን ዘጋሁ።

ኮንሶ ከተማ ገብቼ መለዋወጫ ቤት ጠየቅሁ። ባለሱቁ በአቧራ የተሸፈነች ቴርሞስታት ከመደርደሪያው ጥግ አወጣልኝና መሳቅ ጀመረ። "ሰው ሁሉ አውጥቶ ይጥላታል። ልታስገቢ የመጣሽ የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ። ወይስ ለአንገትሽ ነው?" የሌላ መኪና ናት፤ ትንሽ ትሰፋለች። ገዛኋትና ማታውን ቱርሚ ተመለስን።

ቅዳሜ፣ ቱርሚ

ጠዋት ሎጁ ግቢ ውስጥ የቴርሞስታቷን ጠርዝ በሞረድ አስተካክዬ ፊያቷ ውስጥ አስገባኋት። ውሃ እንዳያፈስ መሐል የሚገባውን ጋስኬት ከብስኩት ካርቶን ቆረጥኩ። ጋሽ ወንድሙ ከነሽማግሌዎቹ ከበላዬ ቆሟል፤ ግንበኞቹ ሲሚንቶ አቡክተዋል።

"ለሲሚንቶ የምትሄድ መኪና ምን ያስጠግናታል?"

"እሷንም ያንኑ ዳገት ሳላስወጣ አልወስንም።"

የሰላምታው ማር ከአፉ ጠፋ። "ስሚ፣ አንዴ ታግሼሻለሁ። ዳትሰኗን የሚፈልግ ሰው ከአርባ ምንጭ መንገድ ላይ ነው። ዛሬ ፈርሚ፤ ካልሆነ ለሱ ነች። ያቺ ቀይ ጣሳሽ መሐል ዳገት ላይ ስትፈላ እንዳትደውይልኝ።"

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ የሐመር አዛውንት፣ በርኮታ በምትባለው የእንጨት መቀመጫው ላይ እንዳለ "ልጅቷን ተዋት" አለው። "ሁለቱንም ሳያይ ማን ይመርጣል?"

"አባባ፣ አንተ የማን ሽማግሌ ነህ?" አለ ጋሽ ወንድሙ። ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም ሳይወድ ሳቀ። ቃሉን ግን አላጠፈም። እኔም ሞተር አስነሳሁ።

ወይጦ

ወይጦ ላይ ጥላ ሥር አቁሜ ማንጎ እየላጥኩ ዳገቱን አየሁት። ፈራሁ። ቪዲዮው ተሳስቶ ከሆነ፣ ወይም ያስገባኋት ዕቃ በሞረድ ተበላሽታ ከሆነ፣ ዳትሰኗም ትሄዳለች፣ እኔም ወደ ሙሽሮቼ እመለሳለሁ። በዚያው ስልኬ ጮኸ።

"ሰውየው መጥቷል" አለ ጋሽ ወንድሙ። "የመጨረሻ ቃልሽን ንገሪኝ። አሁን ብትመለሺ እጠብቅሻለሁ፤ ጌታ ያውቃል ካንቺ ጋር ብለውጥ ደስ ይለኛል።"

ዳትሰኗን አሰብኳት። የበሯን ድምፅ አሰብኩ። ቀጥሎም ያቺ ማለፊያ መኪና አንድ ቀን ብትቆም ከየት ጀምሬ እንደምፈታት አሰብኩ፤ አላውቅም። የፊያቷን ሆድ ግን ጨለማ ውስጥ በጣቴ እፈታዋለሁ። የቀረኝ ይሄ ዳገት ብቻ ነው።

"ስጠው" አልኩት።

"እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም። ስጠው።"

ማንጎውን ሳልጨርስ ተነሳሁ። መርፌዋ መሐል ላይ ናት። የመጀመሪያው መታጠፊያ፤ መሐል። ከባዱ መታጠፊያ ላይ ትንሽ ከፍ አለች፤ ነዳጅ መስጫውን ግን አልለቀቅሁም። ከፊቴ ሲሚንቶ የጫነ መኪና እያቃሰተ ይወጣል፤ ጥሩምባ ነፍቼ ቀደምኩት። ሾፌሩ በመስኮት ብቅ ብሎ "ውሃ ይዘሻል?" ብሎ ጮኸ። "ላንተ ካስፈለገህ አለኝ!" አልኩት።

መርፌዋ ወርዳ መሐል ላይ ቆመች። ወጣሁት። ላይ ደርሼ ሞተሩን ሳላጠፋ ወርጄ ኮፈኑን በመዳፌ ነካሁት፤ ሞቋል፣ አያቃጥልም። አንድ የኮንሶ ገበሬ ዶማውን ትከሻው ላይ አድርጎ እያለፈ "ተበላሸ?" ሲለኝ "ኧረ ተሠራ!" ብዬ ጮህኩበት። የሰከርኩ መስሎት ነው መሰለኝ፣ ርምጃውን ፈጠን አደረገ።

እሁድ፣ ጂንካ

ኮንሶ አድሬ እሁድ ቀትር ላይ ጂንካ ገባሁ። አባቴ ድምጿን ከሩቅ ለይቶ ኖሮ በር ላይ ቆሟል። የፊያቷን መከላከያ እየዳሰሰ "አልለወጥሽም?" አለኝ።

"አልለወጥኩም። የኮንሶን ዳገት ወጥታለች።"

"ሳትፈላ?"

"ቴርሞስታት አስገብቼባት። ያወጣሃት አንተ ነህ።"

"ያኔ ሁሉም ሰው ያወጣ ነበር።"

"ሁሉም ሰው ተሳስቶ ነበራ።"

አባቴ ስለ መኪና ተሳስተሃል ተብሎ አያውቅም፤ እኔም ትንሽ ቀለል አድርጌ ብነግረው ይሻል ነበር፤ አላውቅበትም። እናቴ ከጓዳ ሆና "በሬው ደህና ኖሯል፣ ቀንበሩ ነው የጠመመው" አለች። አባቴ ሳይመልስላት ኮፈኑን እንድከፍት ጠየቀኝ፤ እጁን አስገብቶ ቴርሞስታቷ ያለችበትን ቦታ በጣቱ ፈልጎ አገኘው።

መኪና ለመለወጥ የሚነሳ ሰው ካለ ከዚህ መንገድ ያገኘሁትን ልስጠው፦ የሰውን ዕቃ ባየህበት ዓይን ተመልሰህ የራስህን እይ። ከዚያ በኋላም ከፈለግህ ለውጥ፤ እኔ ለዳትሰኗ አሁንም ልቤ ይሰፈሰፋል። ፊያቷን ግን ሲሚንቶ ላይ የሚያቆማት የለም። የዚህን ሳምንት ሙሽራ ለባጃጅ አሳልፌ ሰጥቻለሁ። ሰኞ ጠዋት አዲስ አበባ ለመሄድ እነሳለሁ።

አባቴ ይህን ሲሰማ "መንገዱን እኔ አሳይሻለሁ" አለ።

"ና" አልኩት። "መርፌዋን ግን የማየው እኔ ነኝ።"