ለማርጆሪ በወር አንዲት አይጥ

ወይዘሮ ቨርና ክሌም ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤታችን ምግብ ቤት ጭልፋ ይዘው ቆመዋል። የከተማችን ሕዝብ ግማሹ ከእጃቸው የተፈጨ ድንች ተቀብሎ ያደገ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ትንሽ እንዲጨምሩለት ለምኖ የተከለከለ። «ቀጣይ!» ብለው ሲጮኹ ድምፃቸው ሐይቁን ተሻግሮ ካናዳ ይሰማ ነበር። ጡረታ ሲወጡ መምህራኑ ትልቅ ኬክ አስጋገሩላቸው። ቆርሰው ያደሉት ራሳቸው ናቸው፤ ለሁሉም እኩል፣ ለሁሉም ትንሽ። ግማሹ ኬክ ተርፎ ወደ ቤታቸው ሄደ።

እንዲህ ያሉ ሴት ድመት ቢያሳድጉ ድመቷ በሳምንቱ ጓዟን ጠቅልላ ጎረቤት በገባች ነበር። ቦአ የሚባለው ዘንዶ ግን ለእሳቸው ተለክቶ የተሠራ ነው። ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ቦአ በወር አንዲት አይጥ ትበቃታለች፤ አይጧም ከዘንዶዋ ወገብ መወፈር የለባትም። በየሳምንቱ የሚያበላት ሰው እወዳታለሁ ቢልም እያጎረሰ የሚገድላት ነው፤ ስቡ ጉበቷ ላይ ይጋገራል። ጤነኛዋ ቦአ ጎንና ጎኗ ቀጥ ያለ፣ በፎርማ የተጋገረ ዳቦ ትመስላለች። እንደ ቋሊማ ከተድቦለቦለች አበቃላት። ወይዘሮ ቨርና ይህን ለአዲስ አባል ሲያስረዱ «ዳቦ፣ ቋሊማ» እያሉ የአባሉን ሆድ በጣታቸው ይጠቁማሉ። ሁለት አባላት በዚህ ምክንያት ማኅበሩን ለቀው ወፍ ማርባት ጀምረዋል።

ማኅበሩ ያልኩት የሳንዲ ክሪክ እባብ አሳዳጊዎች ማኅበርን ነው። ማርጆሪን ያገኘናት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ ባለቤቶቹ ጥለውት ከሄዱት ቤት መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ነበር። ከመክሳቷ የተነሳ አንድ አባላችን የመኪና መጎተቻ ገመድ መስላው ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠልጥሏታል። ወይዘሮ ቨርና ወሰዷት። በትናንሽ አይጥ ጀምረው፣ ቀን እየቆጠሩ፣ ሰባት ጫማ ተኩል የምትረዝም ወይዘሮ አደረጓት። ልጅ የላቸውም። ፎቶ አሳዩን ሲባሉ የሚያወጡት የማርጆሪን ነው።

እንዲህ ተጥሎ የተገኘ እንስሳ ግን የማኅበሩ ንብረት ነው፤ አባል የሚወስደው በአደራ ነው። ምን እንደበላ፣ መቼ እንደበላ፣ ስንት እንደመዘነ የሚጻፍበት ካርድ እንስሳው በሚኖርበት የመስታወት ሳጥን ላይ ይሰቀላል። በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ እንስሳው ከነካርዱ በአውደ ርዕይ አዳራሹ ሚዛን ላይ ይወጣል። ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ምግብ የበላ እንስሳ ከአሳዳጊው ይወሰዳል። ይህን ደንብ ያረቀቁት ወይዘሮ ቨርና ናቸው፤ መጀመሪያ የተቀጣበትም ሮስኮ ፕሩዊት የሚባል አባላችን ነው። ሦስት ዘንዶዎች በአንድ ቀን ተወስደውበታል። «እህቴ ናት ያበላቻቸው፤ እኔ ምን አውቄ!» ብሎ ጮኸ። ወይዘሮ ቨርና «ቀጣይ!» አሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሮስኮና ወይዘሮ ቨርና አንድ ክፍል ውስጥ ሲገቡ ማሞቂያው ራሱ ይቀዘቅዛል። ሮስኮ የራሱን ዘንዶዎች በየሳምንቱ ትልልቅ አይጥ ያበላል፤ ሲጠመዘዙ ስባቸው እንደ አኮርዲዮን ይታጠፋል። አይጦቹንም የሚያራባው ራሱ ነው። ጀርባቸው ላይ በማስመሪያ የተሰመረ የሚመስል ቡናማ መስመር እንዲኖራቸው ዘጠኝ ዓመት ሲያዳቅላቸው ኖሯል። የልጆቹን ልደት ይረሳል እንጂ የእነሱን አይረሳም።

«ቨርና፣ ያቺ ዘንዶሽ ትናንት ደውላልኝ ነበር» ይላቸዋል ዶናት ቤቱ ውስጥ፣ ሰው እንዲሰማ። «ድምፅዋ ሰለለ። ኑዛዜ ልጽፍ ነው አለችኝ።»

«አንተን በአካል አለማየቷ ነው የጠቀመህ። ብታይህ የዓመት ቀለቤ በእግሩ መጣ ብላ ትውጥህ ነበር።»

ነገር የተበላሸው ባለፈው ጥቅምት፣ የወይዘሮ ቨርና ባል ላይል ልቡን ሲያመው ነው። (ላይልን አንቱ ያለው ሰው እስካሁን አልተገኘም፤ እኔም አልጀምርም።) ሐኪሙ ቅባትና ጨው ቀንስ አለው። ሚስቱ ግን የሰሙት ሌላ ነው። በሳምንቱ ቅቤው ጠፋ፣ ቋሊማው ጠፋ፣ ድንቹ በእንግድነት ይመጣ ጀመር።

«ሐኪሙ ቀንስ አለ እንጂ ጹም መቼ አለኝ?» አለ ላይል፣ የተቀቀለ ብሮኮሊ እያየ።

«ሐኪሙ መጥቶ ያብስልልሃ።»

ላይል ሰሃኑን ይዞ ከማርጆሪ መስታወት ፊት መቀመጥ ለመደ። ቦአ ሁልጊዜ የተራበች ትመስላለች፤ ሰው ሲጠጋት አንገቷን ቀና አድርጋ ምላሷን ታወጣለች፣ ትናንት በልታም ቢሆን። ይህን ላይል ለአሥራ አንድ ዓመት ሲሰማ ኖሯል። ግን ብሮኮሊ የሚበላ ሰው ዓለም ሁሉ የተራበ ይመስለዋል። አየችው፤ አያት። በቃ፣ በአንድ ጠባቂ ሥር ያሉ ሁለት እስረኞች ሆኑ።

ረቡዕ ጠዋት ወይዘሮ ቨርና መዋኛ ገንዳ ሄደው ከእኩዮቻቸው ጋር ውኃ ውስጥ ይዘላሉ። ላይል በዚያ ሰዓት ያበላት ጀመር። ከቤት እንዳይወስድ፣ በረዶ የሆኑት የማርጆሪ አይጦች ማቀዝቀዣው ውስጥ ከአተሩ ከረጢት ሥር በቁጥር ነው የሚቀመጡት። ስለዚህ ወደ ሮስኮ ሄደ። ሮስኮ በዕድሜው ለሰው በነፃ ያካፈለው ምክርና ጉንፋን ብቻ ነበር፤ ያን ቀን ግን የቀዘቀዘች አይጥ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። አክሎም ለላይል የቋሊማ ሳንድዊች ጨመረለት።

«ምስኪኗን አብላት ወንድሜ» አለው ትከሻውን እየደበደበ። «ለማንም አልናገርም፤ ምን ቆርጦኝ?»

ረቡዕ በረቡዕ ማርጆሪም ላይልም ይወፍሩ ጀመር። ወይዘሮ ቨርና በየወሩ ሲመዝኗት ጨምራለች። አይጧን በስድስት ሳምንት አንዴ አደረጉት፤ ጨመረች። በስምንት ሳምንት አደረጉት፤ ጨመረች። ከመካከለኛ አይጥ ወደ ትንሽ ወረዱ፤ ጨመረች። የሚዛኑን ባትሪ ቀየሩ። አይጥ ሻጩን «አይጦችህን በቅቤ ነው የምታሳድጋቸው» ብለው ሰደቡት። እሳቸው ሲቀንሱ ላይል ያዝናል፤ ላይል ሲያዝን አይጧ ትተልቃለች። በመጨረሻ ሮስኮ በመስኮት እየገባ ነው ብለው ደመደሙ፤ ቁልፍ አስቀየሩ፤ ዱካው እንዲታይ መስታወቱ ፊት ዱቄት ነሰነሱ። ረቡዕ ከገንዳ ሲመለሱ ዱቄቱ ላይ ያገኙት የላይልን ነጠላ ጫማ ብቻ ነው።

«አንተ ደንባራ! ማስረጃውን ረግጠህ አበላሸኸው!» ብለው መጥረጊያ ወረወሩበት።

የሚዛኑ ቅዳሜ ደረሰ። በዋዜማው አርብ፣ ሚስቱ ካርዱን ሊያባዙ ወጣ ሲሉ፣ ላይል የሮስኮን ትልቅ አይጥ ሞቅ ባለ ውኃ አሙቆ ለማርጆሪ ሰጣት። ለመንገድ ስንቅ መሆኗ ነው፤ ከጠገበች ሚዛን ላይ አትበሳጭም ብሎ። ከእኛ መንደር ሌላ እንዲህ ያለ በጎ አሳቢ የት ይገኛል? እባብ በልቶ ሁለት ሦስት ቀን አይነካም። ከተነካ ይተፋል።

አዳራሹ ሞልቷል። ሊቀ መንበራችን ባክስተር የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ሲሆን ከስድስት ዓመቱ ጀምሮ ወይዘሮ ቨርናን ይፈራል። ማርጆሪን ከሳጥኗ አውጥቶ ሚዛኑ ላይ አኖራት፤ ቁጥሩን አየና ደግሞ አየ።

«አምና አሥራ ስድስት ፓውንድ ነበረች… አሁን… ይቅርታዎን ወይዘሮ ቨርና… ሃያ ተኩል።»

«ሃያ ተኩል!» ሮስኮ ከወንበሩ ዘለለ። «ጎበዝ፣ ዳቦ ናት ቋሊማ? ሠላሳ አንድ ዓመት ከልጆቻችን የቀነሰችውን ድንች ለካ ለዘንዶዋ እያጠራቀመች ነበር!»

«አንተ ሚዛኑ አጠገብ አትተንፍስ፤ ያንተም ይቆጠርባታል» አሉ ወይዘሮ ቨርና። ድምፃቸው ግን የወትሮው አልነበረም። «ካርዱን አንብብ ባክስተር። መጨረሻ የበላችው ከሃምሳ ሁለት ቀን በፊት ነው፤ ያውም ትንሽ። ጽፌአለሁ። ሆዷ ባዶ ነው።»

ማርጆሪ በዚህ ጊዜ አንገቷን ወደ ኋላ ሳበች። አፏ ተከፈተ፣ ሰፋ፣ ሰፋ፤ አይጧም ጠረጴዛው ላይ ወደቀች። ሽታው ከፊት ያሉትን ሦስት ረድፍ ወንበሮች ባዶ አደረገ። ወይዘሮ ቨርና ብቻ አልተነቃነቁም። መቆንጠጫ አንስተው አይጧን ገለበጧት። ጭንቅላቷ ተፈጭቷል፤ ጀርባዋ ላይ ግን ቡናማው መስመር እንደተሰመረ ነው።

«ሮስኮ፣ ይቺ ያንተ ናት።»

«እኔን ምን አገባኝ? በሯን ከፍታ ወጥታ፣ ታክሲ ይዛ መጥታ ይሆናላ!»

«በመስኮቴ ነው የገባኸው።»

«እኔ በዚህ ሰውነቴ በመስኮት? በጋራዥ በርም በመከራ ነው የምገባው!»

«እኔ ነኝ» አለ ላይል ከኋላ።

አዳራሹ በሙሉ ዞረ።

«ምን አልክ?» አሉ ወይዘሮ ቨርና።

«እኔ ነኝ ቨርናዬ። ረቡዕ ረቡዕ። ከጥቅምት ጀምሮ።… ታየኝ ነበር። እያየች ዝም ልበላት?»

ወይዘሮ ቨርና መቆንጠጫውን አስቀመጡ። ቀስ ብለው፣ እንዳይወድቅ። «እሷን ገደልሃት» አሉ። «ስድስት ወር ሙሉ እኔ ልኩ ጠፍቶኝ ስቀንስ፣ አንተ ቁጭ ብለህ ታየኝ ነበር።»

«ደንቡ ይነበብ!» አለ ሮስኮ። ለዚህች ቀን ስድስት ወር አይጥ ከፍሏል። «ካርዱ ላይ ያልተጻፈ ምግብ! ትወሰድ! እኔም አደራውን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።»

ባክስተር ላብ በላብ ሆነ። «እንግዲህ… ወይዘሮ ቨርና አላወቁም። ባለማወቅ የተፈጸመ ከሆነ ማኅበሩ በአስተያየት ሊያልፈው…»

አብዛኛው እጅ ሊነሳ ነበር፤ የእኔም ጭምር። ማርጆሪ የምትቀረው በዚያች ደቂቃ ነበር። ወይዘሮ ቨርና ዝም ቢሉ በቃ።

«እጃችሁን አውርዱ!» አሉ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ሁሉ እንደ ሰባት ዓመት ልጅ አወረደ። «ደንቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ባለማወቅ የሚል ቃል የለበትም። ይህ ጅላጅል ‹እህቴ ናት› ሲል አልሰማሁትም፤ አሁን ‹ባሌ ነው› ስል ልትሰሙኝ ነው? ውሰዷት።»

ሮስኮ እጁን ዘረጋ። ማን ይውሰዳት የሚለው ለድምፅ ቀረበ፤ ለሮስኮ አንድ እጅ ተነሳ፣ የራሱ። ማርጆሪ ለባክስተር ደረሰች። ወይዘሮ ቨርና ካርዱን ተቀብለው የመጨረሻውን መስመር በራሳቸው እጅ ጻፉ፤ ከዚያ ደረቱ ላይ ለጠፉለት።

«ስማ አንተ። ከተፋች በኋላ ሁለት ሳምንት ምንም። ውኃ ብቻ። አትነካካት፣ አትዳስሳት፣ አታናግራት። ከዚያ አንዲት ትንሽዬ አይጥ፤ ከወትሮዋ ግማሽ። ካልተፋችው ከአራት ሳምንት በኋላ ሌላ። ስቧ እስኪወርድ ዓመትም ሁለት ዓመትም ይፈጃል፤ ከወረደ። ሦስት ወር ላይ ታሳዝንሃለች። ካሳዘነችህ ፊትህን አዙር። ‹የተራበች መሰለኝ› ብለህ ከደወልክልኝ መጥቼ አንተን ነው የምመዝነው።»

«እሺ እመቤቴ።»

ሳጥኑን ዘጉት። ክዳኑ ላይ መዳፋቸውን ትንሽ አቆዩት፤ ከዚያ ወጡ።

ላይል በግቢው መኪና ማቆሚያ ደረሰባቸው። የመኪናውን በር ሊከፍት ሲል ተቆልፏል።

«ቨርናዬ፣ ክፈቺልኝ እንጂ።»

መስታወቱ አንድ ጣት ያህል ወረደ። «ወዳጅህ ጋ ሂድ። አይጥም አለው ቋሊማም አለው።»

ወዳጁ ግን አቧራ አስነስቶ ሄዷል። ወይዘሮ ቨርና ሞተሩን አስነስተው ሃያ እርምጃ ያህል ነዱና ቆሙ። ላይል ሮጠ፤ እጀታውን ሊይዝ ሲል እንደገና ነዱ። ቆሙ፤ ሮጠ፤ ነዱ። አንገታቸውን አንዴም አላዞሩም። ቤታቸው ከአዳራሹ አራት ማይል ነው። እኛ በሩ ላይ ተኮልኩለን እያየናቸው በቆሎ እርሻውን ታጠፉ፤ መኪናው እየተጎተተ፣ ላይል ከኋላው፣ ማርጆሪ ተጠቅልላ የመጣችበትን ፎጣ ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ።